እንግዳዋ እስክትሄድ

ሐይቅ፣ የካቲት 29 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለተሻለች፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ልጅሽ ማርያማዊትስ ደህና ናት? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ጣሪያችን ተርፏል፤ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነነዋል። የተዘረፈው የስፌት መኪናዬ አሁን በማን ቤት እንደሚሰፋ አላህ ይወቀው። በሰው መኪና ተራ እየጠበቅሁ የመጣልኝን እሰፋለሁ። ልጄ ዑምኩልሱም ሆዷ ገፍቷል፤ ከረመዳን በኋላ ትወልዳለች ይላሉ። ይኸው እንግዲህ ሰላምታውን የማስረዝመው ፈርቼ ነው፤ ታውቂኛለሽ።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሙላት ከአውቶቡሱ ሳይወርድ በመስኮት ሰጠኝ። ፊቱን አዙሮ ነው የሰጠኝ፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እዚያው መናኸሪያው ላይ ቆሜ አነበብሁት። አላመንሁም፣ ደገምሁት። «የጎረቤትሽ የኡሙሰልማ ልጅ ሙሐዲን ቆስሎ እኔ ምግብ ከማበስልበት ሆስፒታል መጥቶ ነበር። ሐሙስ ዕለት እጄ ላይ አረፈ። በስልክ እንዳትነግሯት፤ እንደ ወጉ ሽማግሌ ሰብስባችሁ ንገሯት» ይላል። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት ከጀሪካኗ ውሃ ስትረጨኝ ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። አልነገርናትም።

ቆይ፣ ሳትቆጪ ጨርሺው። ያኑ ቀን ሼህ ሰላሀዲን ዘንድ ሄድሁ። እሳቸውም «ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ እንነግራታለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ» አሉኝ። ያዝሁ። በማግሥቱ ግን የአቀባበል ኮሚቴ የሚሉት ተነሥቶ ከተማውን በድምፅ ማጉያ አመሰው። የአንድ የባሕር ማዶ ፕሬዚዳንት ባለቤት፣ ቀዳማዊት እመቤት የሚሏት፣ በጦርነቱ ያዘኑ እናቶችን ልታጽናና ሐይቅ ትመጣለች ተባለ። የአገሯን ስም አስተካክሎ የሚጠራ እስካሁን አልተገኘም። ባለሱቁ ሐቢብ በየቀኑ አዲስ ስም ያወጣላታል፤ ትናንት የሰጣት የመድኃኒት ስም ይመስል ነበር።

ከዚያማ ምን ልበልሽ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀባ። ጥይት የበሳሳው ግድግዳ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጨርቅ ተወጠረበት። ፍየል አስፋልት እንዳይረግጥ ተከለከለ። ዓሣ አስጋሪዎቹም መረባቸውን ከሐይቁ ዳር እንዲያነሡ ታዘዙ፤ ይሸታል ተብሎ። «እኛም እንሸታለን፣ እኛንም አንሡን እንጂ» አለ አንዱ አስጋሪ። ሳቅን። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው መሰለኝ።

ለዝግጅቱ ደግሞ አምባሰል የሚያዜም ሰው ተፈለገ። እዚህ አገር አምባሰል ከተባለ ማን እንደሚጠራ ታውቂዋለሽ፤ ያለ ኡሙሰልማ ዜማ የተዳረች የሐይቅ ልጅ አለች?

ሼህ ሰላሀዲን ምስጢሩን ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቶ አስረስ ነገሩት፤ ሌላ ዜመኛ ይፈለግ ብለው። እሱ ምን አለ መሰለሽ፣ «መርዶ ከነገርናት ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ድንኳኑ መንገድ ላይ ነው የሚተከለው። ጠባቂዎቿ ከተማው አልተረጋጋም ብለው ጉዞውን ወደ ሌላ ያዞሩታል። እሷ ካልመጣች ደግሞ የማዋለጃው ክፍል ቀረ።» የተዘረፈውን የማዋለጃ ክፍል አልጋ በአልጋ አድርጋ ታሠራለች ተብሎ ነው ይህ ሁሉ ኖራ የተቀባው። ባለፈው ወር አንዲት የውጫሌ ሴት ምጥ ይዟት ደሴ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቀርታለች። ሼሁ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። የዑምኩልሱም ሆድ ዓይኔ ላይ መጣ። ዝም አልሁ። ዝምታዬን እሺታ አደረጉት፤ እሺታም ነበር።

እንግዳዋ እስክትሄድ ብቻ ነው ተሹ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷልና እስከዚያ የሙሐዲንን ስም ማንም በፊቷ እንዳያነሣ ተባብለናል።

ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ።

እህትሽ ነጅዋ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ነጅዋ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ አፉ በይኝ።

«ስቃይ ነበረው ወይ?» ብለሽ በሙላት ቃል ልከሽልኛል። ነበረው። ብዙ ቆይቶ ነው ከግንባር የደረሰው፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል። ስሙን ሲጠይቁት አልመለሰም ነበር። እኔ የአጥሚት ኩባያ ይዤ ገብቼ «ጠጣ የኔ ልጅ» ስል «እትዬ ተሻለች ነሽ?» አለኝ። ዓይኑ በፋሻ ታሽጎ ነበር፤ በድምፄ ነው ያወቀኝ። ሐይቅ ሳለሁ ባጃጅ ሲነዳ ከኋላ ሆኜ «ቀስ በል አንተ» የምለውን ሁሉ ያስታውሳል።

ሲያርፍ የመስጊዱን ሰዎች ጠራሁ። አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደው ቀበሩት። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ለእናቱ የላከው ቃል አለ። ለእሷ እንጂ ለአንቺ አልጽፈውም።

አሁን አንቺ የጻፍሽልኝን መልሰሽ አንብቢው። እንግዳዋ የምትመጣው ያዘኑ እናቶችን ልታጽናና ነው ብለሻል። ታዲያ ያዘነችውን እናት ደብቃችሁ ማንን ነው የምታጽናናላችሁ?

እኔ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ቁስለኛው በዝቷል፣ አልሆነም። ቢሆንልኝ መጥቼ በሯን የማንኳኳው እኔ ነበርሁ። ለዑምኩልሱም እንደምትሰጊ ይገባኛል፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ግን ነጅዋ፣ እናት ልጇ መሬት ገብቶ ሳታውቅ መድረክ ላይ ስትቆም፣ እናንተ ከታች ቆማችሁ ዓይኗን እንዴት ነው የምታዩት?

ንገሯት። ቀሚሱን ተይውና ንገሯት።

ተሻለች


ሐይቅ፣ መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለተሻለች፣

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ከአንቺ ሌላ የሚቆጣኝ ባለመኖሩ ደስ ብሎኝ አነበብሁት ብል ታምኚኛለሽ? ሙላት ደግሞ «እንዴት ሆነች፣ ምንስ አዜመች ብላለች» አለኝ። እንግዲህ ልንገርሽ።

ቀሚሱን ስለካት ነው የምጀምርልሽ። ድሮ ሜትሩን ሳነሣ ወሬዋ አያልቅም ነበር፤ ሙሐዲን ሲመጣ፣ ሙሐዲን ሲያገባ፣ ሙሐዲን ባጃጇን ሲሸጥ። አሁን እጇን ዘርግታ ዝም። እኔም የዳንሁ መስሎኝ ዝም። ወገቧ ሟሙቷል። «ጠበብ ላድርገው?» ስላት «ተይው፣ ለአንድ ቀን ነው» አለችኝ።

ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ሐይቁ ዳር ቆምን። እንግዳዋ የመጣችው ፀሐይ አናታችንን ካበሰለችው በኋላ ነው። ገና እግሯ መሬት ሳይነካ ወሬው ተጀመረ። «ጫማዋ ተረከዝ የለውም፤ ይቺም እንደኛ ናት እንዴ?» አለች አንዷ። «ጠፍጣፋ ጫማ የሚያምረው ብር ላለው ነው» አለቻት ሌላዋ። ሐቢብ «ከፎቶዋ ታጥራለች» ብሎ ቅር አለው፤ የተታለለ ነው የሚመስለው። አንድ ሕፃን አቅፋ ሳመች፤ ሕፃኑ እሪ አለ። እናቱ በጆሮው «ዝም በል፣ ክፍል ልትሠራልን ነው» ስትለው ሰምቻለሁ።

ከዚያ ኡሙሰልማ ወጣች። አረንጓዴው ቀሚስ ሰፋ ብሏት፣ ነፋስ እየገባበት። እንዲህ ብላ ጀመረች፣

አምባሰል ተራራው ጭጋግ ለብሶ አይቼ፣
ያንተ ጋቢ መስሎኝ ጠራሁህ ተነሥቼ።

ተሹ፣ የቆመው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ሼህ ሰላሀዲን መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱት። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው ታውቂያለሽ? አስተማሪው ጠሃ ነው የነገረን፤ «ተራራችንን መጥታችሁ ጎብኙ ትላለች» አለ። እንግዳዋ ሳቀችና አጨበጨበች። እኛም አጨበጨብን።

የተፈቀደላት አንድ ዜማ ነበር። ሲያልቅ ሌላ ጀመረች። እሱ ሲያልቅ ሌላ። አቶ አስረስ በእጁ «በቃ፣ በቃ» ይላታል፤ አላየችውም። በመጨረሻ እንግዳዋ ራሷ ተነሥታ ልትሰናበታት እጇን ሰጠቻት። ኡሙሰልማ በሁለት እጇ ያዘቻት። ሻሿን ከአንገቷ አውልቃ አለበሰቻት፤ አልለቀቀቻትም። እንግዳዋ ወደ መኪናው መንገድ ጀመረች፤ ኡሙሰልማ አብራ ሄደች። አንድ ግንድ የመሰለ ጠባቂዋ መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ይፈታል፤ አንዱን ሲፈታው ሌላው መልሶ ይይዛል። ካሜራው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። «ኡሙሰልማ በቃ ውጭ አገር ሄደች» አለ አንዱ። «ዶላሩን ሳትቆጥሪ እንዳትለቂ!» አለ ሌላው። ደግ ደጉን የሚያስቡት «የማዋለጃውን ነገር አደራ እያለቻት ነው» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እዋሽሻለሁ።

መኪኖቹ ወደ ደሴ አቅጣጫ እስኪጠፉ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ማንንም ሳታናግር ቤቷ ገባች። ማታ በአጥሩ በኩል ምንጣፍ ስታራግፍ ሰማኋት። ረመዳን እየመጣ ነው፣ ቤት ማጽዳቷ ነው አልሁ።

ነገ ጎሕ ሲቀድ እንነግራታለን። አንድ ነገር ልለምንሽ። መቼ እንዳረፈ ከጠየቀችሽ እንግዳዋ የሄደች ዕለት በይልኝ። ያኛውም ሐሙስ ነበር፣ ይኼኛውም ሐሙስ ነው፤ ሳምንቱን ብቻ ነው የምናዛውረው። እኛ ልንነግራት የምንሄደውም እንዲያ ብለን ነው። ሳታውቅ እንዳዜመች ማወቁ ይገድላታል።

ነጅዋ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ነጅዋ እህቴ፣

የኡሙሰልማንና የእንግዳዋን ቪዲዮ አይቼው እንደሆነ በሙላት ጠይቀሻል። አይቼዋለሁ። ወጥ ቤቱ ሁሉ አይቶታል።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። ማርያማዊት ሰዎች የጻፉትን እያነበበች ታሰማኝ ነበር። «ወሎ ፍቅር ነው።» «እንዴት ያለች የደስ ደስ ያላት እናት!» «እንግዳ አክባሪነት ማለት ይህ ነው።» አብራኝ ሽንኩርት የምትከትፈው ልጅ «ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ እንዴ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኋት።

ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ሰው የሴትዮዋ ልጅ በጦርነቱ ሞቷል ብሎ ጻፈ። ከእናንተው ከተማ መሆን አለበት። ከዚያ ዶፉ ወረደ። «የልጇ አፈር ሳይደርቅ ታዜማለች።» «እጇን አልለቅ ያለችው ለዶላር ነው፣ እዩት ጣቷን።» «ይቺም እናት ተብላ።» ከበታቹ ሰው ሳቁን ይደረድርበታል። ማርያማዊት አላስቻላትም። «አልተነገራትም ነበር፤ ጎረቤቶቿ ደብቀዋት ነው» ብላ ጻፈች። «አንቺስ ስንት ተከፈለሽ?» አሏት። ስልኩን ዘግታ ጾሟን ሳትፈታ ተኛች። ሁዳዴ ነው፤ ድሮም ምን ይፈታል።

ቀኑን አዛውሪልኝ ያልሽውን አስቤበታለሁ። ሳትጠይቀኝ አልናገርም። በግሸኗ ማርያም ብላ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም። ከዚህ በላይ አትለምኝኝ።

ስለ መርዶው ምንም አልጻፍሽልኝም። ቅዳሜ ካለፈ ሰንብቷል።

ተሻለች


ሐይቅ፣ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለተሻለች፣

አላለቀሰችም። አልጽፍልሽ ያልሁት ለዚህ ነው፤ ብታለቅስ እጽፍልሽ ነበር።

ጎሕ ሳይቀድ ሄድን፤ ሼሁ ከፊት፣ እኛ ሴቶቹ ከኋላ። ልናንኳኳ ስንል በሩ ክፍት ነው። መብራት በርቷል። ምንጣፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፏል፣ ትራሱ በየቦታው ተደርድሯል። እሷ ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ እንደለበሰች ናት። ሼህ ሰላሀዲን «ኡሙሰልማ፣ አላህ የሰጠውን...» ብለው ጀመሩ። «ግቡ፣ ብርድ ነው» አለች። እኛ ስንጮህ እሷ ውሃ ታቀብል ነበር። ቀኑን ሼሁ ነገሯት፤ እንግዳዋ የሄደች ዕለት ማታ ነው አሉ። «አሚን» አለች፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ለቅሶ ከመጡት አንዷ፣ ስሟን አልጠራልሽም፣ ስልኳን አውጥታ ያ ስድብ ሁሉ እየተነበበ አሰማቻት። ኡሙሰልማ ሰማችና «ይህን ያህል ሰው ሙሐዲንን አወቀው?» አለች። በቃ ይኸው ነው።

የማዋለጃው ነገር ደግሞ፣ ሰሌዳው ተተክሏል። የሁለቱ አገር ባንዲራ አለበት፣ ያምራል። ከሰሌዳው በስተኋላ ያው በር የሌለው ቤት ነው። አቶ አስረስን «አልጋውስ?» ብንለው «ጉዳዩ ከእኔ በላይ ነው» ይላል። ፍየሎቹ ወደ አስፋልቱ ተመልሰዋል፤ ኖራ የተቀባውን ድንጋይ ይልሱታል።

ነገ ረመዳን ይገባል። ዱዓ ሳደርግ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

ነጅዋ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለተሻለች፣ ለልጄ ሁለተኛ እናቱ፣

ኡሙሰልማ ነኝ። ነጅዋ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። አንዲት ቃል እንዳታሳምርብኝ አስምያታለሁ። እጇ ሲቆም «ጻፊው» እላታለሁ።

ጤናሽ እንዴት ነው? ማርያማዊት ስለ እኔ ከማታውቀው ሰው ጋር ተጣላች ሲሉ ሰማሁ። በቃሽ በያት፤ ጾም በጠብ አይያዝም። ልጄን አጥሚት አጠጥተሽዋል፣ የሚሰግድበት ሰው ጠርተሽለታል። አላህ በልጅሽ ይክፈልሽ።

ያረፈበትን ቀን አልጠይቅሽም። በግሸኗ ማርያም ብዬ አልይዝሽም። ነጅዋ ባለፈው ሳምንት እግሬ ላይ ወድቃ ሁሉንም ነግራኛለች። እኔ ግን አውቀው ነበር።

ሙሐዲን ከሄደ ጀምሮ ከበሬ ወጥቼ ቦኖው ውሃ እስክደርስ «ሙሐዲንስ? ድምፁ አለ?» የማይለኝ ሰው አልነበረም። ሐቢብ ሱቅ ስገባ፣ ሙሐዲንስ። ወፍጮ ቤት፣ ሙሐዲንስ። የምመልሰው ባይኖረኝም መጠየቄ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጠየቀው ያለ ሰው ነዋ። አንድ ቀን ወጣሁ። ሁሉም ሰላም አለኝ፣ ሁሉም ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራኝ። ሙሐዲንስ ያለኝ የለም። ሐቢብ ስኳሩን ሳልለምነው አበዛልኝ። ስኳሩን ይዤ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ነጅዋ ሜትሯን ይዛ መጣች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ጻፊው ነጅዋ።

ታዲያ እያወቅሽ ለምን አዜምሽ ትይኝ ይሆናል። እሷም ይኸው ብዕሯን አቁማ ታየኛለች። እንግዳዋ እስክትሄድ እንደማይነግሩኝ ገባኝ። እስካልነገሩኝ ድረስ ደግሞ ልጅ አለኝ። ስለዚህ አዜምሁ። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ጀመርሁ፤ ድምፄ እስከ መግሪብ ቢቆይልኝ እስከ መግሪብ አዜም ነበር። እንግዳዋ ስትነሣ እጇን ያዝሁ። ለስላሳ እጅ ናት፣ ሴትዮዋም ክፉ አይደለችም፤ ዓይኔን አይታ የሆነ ነገር ብላኛለች፣ ምን እንዳለችኝ የነገረኝ የለም። ዶላሯን አልፈለግሁም። መኪና ውስጥ እንዳትገባ ነው። ጠባቂው ጣቴን ሲፈታው «ትንሽ ቆይ ልጄ» አልሁት። አማርኛ አያውቅም።

መኪናዋ ሲነሣ ሙሐዲን ሞተ። ቀኑን የሚጠይቅሽ ካለ ያ ነው በይው። ነጅዋም አልዋሸችም፣ አንቺም አትዋሺም።

ዑምኩልሱም ቀኗ ሳይደርስ ወንድ ወልዳለች። ደሴ ሳትደርስ፣ ባጃጅ ውስጥ። ልጁ ደህና ነው፤ እሷ ደሟ ብዙ ፈሶ ነበር፣ ዛሬ ትንሽ ቀና ብላለች። ነጅዋ «ሙሐዲን እንበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኋት። በአጥሩ በኩል ያን ስም ስትጠራ እሰማለሁ፤ አቤት የሚለው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ነው። ይህንንም ጻፊው።

ለእኔ የላከው ቃል እንዳለ ሰምቻለሁ። አትጻፊልኝ። በስልክም በሰውም አትላኪው። እዚያው አንቺ ዘንድ ይቆይ። ክረምቱ ካለፈ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ እመጣ ይሆናል፤ ላልመጣም እችላለሁ። ሌላው ሁሉ ደርሶኛል። ከልጄ ገና ያልደረሰኝ አንድ ነገር ይኑረኝ።

ሙላት ሞተሩን አስነሥቷል። ነጅዋ «በቃ፣ ልስጠው» ትለኛለች። ትንሽ ቆይ በይው አልኋት።

ኡሙሰልማ